ቁጥሩ ሲወርድ ኪኒኑን ላብዛው?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ቀን እተኛለሁ። ፀሐይ የማየው ጠዋት ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ማለት ይቻላል።

ከአንድ ዓመት በፊት፣ ኖቬምበር ላይ፣ ድካሙ ሲበረታብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቫይታሚን ዲዬ 13 ሆኖ ተገኘ። በሳምንት አንዴ 50 ሺህ ዩኒት ለ8 ሳምንት ታዘዘልኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 2 ሺህ ዩኒት እየወሰድኩ ነው፤ አላቋረጥኩም። ጁን ላይ 32 ደረሰ። ኦገስት ላይ እኔና ባለቤቴ ልጅ ለመውለድ ስለወሰንን ለዓመታት ስወስድ የነበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ተውኩ። ጃንዋሪ ላይ ስመረመር ቁጥሩ ወደ 25 ወርዷል። ወረቀቱ ላይ በቀይ ተጽፏል። ሐኪሜ ግን "ደህና ነሽ፣ በዚሁ ቀጥይ" ብላ ሸኘችኝ።

ችግሩ ያለው ቤት ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት (እትዬ ነው የምላት) ነርስ ነች። ባለቤቴን ያሳደገችውም ወደ አሜሪካ ያመጣችውም እሷ ናት። ራሷ ለዓመታት አጥንቷን እያመማት ኖራ የዳነችው በቫይታሚን ዲ ነው። የእኔን ቁጥር ስትሰማ የ50 ሺህ ዩኒት ብልቃጥ ይዛልኝ መጣች። "በሳምንት ሁለቴ ውሰጂ። የጥቁር ሰው ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲን የሚሸከመው ፕሮቲን ትንሽ ነው። ብዙ ካልወሰድሽ አይሞላም" አለችኝ። ባለቤቴ "እሷ ታውቃለች" ይላል። ማታ ማታ "ወሰድሽ?" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ። አልወሰድኩም። ብልቃጡ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቼ ሥር ነው ያለው።

እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትደውልና "ይሄን ሁሉ ኪኒን ተይው፣ ፀሐይ ሙቂ" ትለኛለች። እኔ ስልኬ ላይ ሳነብ የጥቁር ሰው ቁጥር ዝቅ ቢልም ምንም አይደለም የሚል አገኘሁ። ታዲያ እስከነጭራሹ ለምን እወስዳለሁ? ኪኒኑ ተሸካሚውን ያበዛዋል ወይስ ያጣብበዋል? ባለቤቴን መዋሸት ሰልችቶኛል። እትዬንም ማስቀየም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ፣ ያንን ብልቃጥ ያለ ሐኪምሽ ትዕዛዝ አለመንካትሽ ልክ ነው። መደበቅሽ ግን እንቅልፍ እየነሳሽ ይመስለኛል። መድኃኒቱ አንድ ጉዳይ ነው፤ በእናንተ መካከል ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። የመድኃኒቱ ነገር ከጠራልሽ ቤት ውስጥ ለመናገርም ይቀልሻል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ሺህ በሳምንት ሁለቴ ማለት 100 ሺህ ነው። ለ7 ቀን ሲካፈል በቀን ከ14 ሺህ ዩኒት ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 4 ሺህ ዩኒት ነው። ለነፍሰ ጡርም ያው ነው። ሐኪም ከዚያ በላይ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ አንቺም ወስደሻል። ግን 13 ላይ ነበርሽ፣ ጊዜውም ተወስኖ ነበር፣ መጨረሻውም ተመርምሯል። አሁን 25 ላይ ሆነሽ፣ ለማርገዝ እየተዘጋጀሽ፣ መቼ እንደሚቆም ሳይነገርሽ የምትጀምሪው ነገር ከዚያ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ደስ የሚል ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። ኪኒኑ ተሸካሚውን ያበዛዋል ወይ? አያበዛውም። ያጣብበዋል ወይ? አንቺ በምትወስጂው መጠን በፍጹም።

ቫይታሚን ዲ ከቅባት ጋር እንጂ ከውሃ ጋር አይስማማም። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የሚሸከመው ይፈልጋል። ዋናው ተሸካሚ ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ነው። ደምሽ ውስጥ ካለው ቫይታሚን ዲ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እሱ ላይ ነው። የቀረው አብዛኛው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ላላ ብሎ ይያዛል። ማንም ሳይዘው በነፃ የሚንቀሳቀሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

እትዬ "ተሸካሚው ትንሽ ነው" ያለችው እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ተሸካሚውን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቢው። ከ100 ወንበር ቫይታሚን ዲ የያዘው ከ5 ያነሰ ነው። የቀረው ባዶ ነው። አንቺ 2 ሺህም ዋጪ 4 ሺህ፣ ረዳቱ "የሞላ!" ብሎ በሩን የሚዘጋበት ቀን አይመጣም። ወንበሩ ይህን ያህል የተረፈበት ምክንያት ደግሞ አለው። ይህ ፕሮቲን ሌላም ሥራ አለበት፤ ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስሰውን አክቲን የሚባል ነገር ይለቅማል። በነገራችን ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ1959 ነው። ያኔ ቫይታሚን ዲ እንደሚሸከም ማንም አያውቅም ነበር። ከሰው ሰው ስለሚለያይ አባትነትን ለማጣራት ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር።

የምትውጪው እንክብል መንገዱ እንዲህ ነው። አንጀት ውስጥ ከምግቡ ቅባት ጋር አብሮ ይገባል። በጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች ተጭኖ ሊምፍ በሚባለው የፈሳሽ መንገድ በኩል ወደ ደም ይሄዳል፣ ከዚያም ጉበት ይደርሳል። ፀሐይ ቆዳሽ ላይ የምትሠራው ግን ከቆዳ እንደወጣ በቀጥታ ተሸካሚው ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል። ሁለቱም በመጨረሻ ጉበት ውስጥ ወደ አንድ ዓይነት ነገር ይለወጣሉ። ላብራቶሪ 13፣ 32፣ 25 እያለ የቆጠረልሽ ይህንን ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ስንት ናኖግራም እንዳለ። ኩላሊት ደግሞ ከዚያ ላይ እየወሰደ ዋናውን ሆርሞን፣ ማለትም ሥራ ላይ የሚውለውን ቫይታሚን ዲ፣ ይሠራል። የሚወስድበት መንገድ ያስገርማል። የኩላሊት ሴሎች ተሸካሚውን ከነጭነቱ ነው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት። በሽንት እንዳይጠፋም የሚያድኑት በዚሁ መንገድ ነው። ተሸካሚው ራሱ ደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ጭነቱ ግን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ገና ግማሹ ነው የሚቀንሰው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይቆያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአንቺ ጉዳይ ይመጣል። ምርመራው የሚቆጥረው ሁሉንም ደምሮ ነው፤ የተሸከሙትንም፣ ነፃውንም። አብዛኛው በተሸካሚ ላይ ያለው ስለሆነ፣ ተሸካሚው ሲበዛ ወይም ሲያንስ ቁጥሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሰውነትሽ የሚጠቀምበት ነፃው ክፍል ያን ያህል ባይለወጥም እንኳ። ጉበት ተሸካሚውን አብዝቶ እንዲሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ደግሞ ኢስትሮጅን ነው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። የተውሽው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኢስትሮጅን ነበረበት? አሮጌው ፓኬት ካለ አንብቢው። "ኤቲኒል ኢስትራዲዮል" የሚል ካለበት ነበረበት ማለት ነው። ዲትሮይት አካባቢ በሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣት ሴቶች ላይ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ኢስትሮጅን ያለበት መከላከያ የሚወስዱት የቫይታሚን ዲ ቁጥራቸው ከማይወስዱት 20 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሲተዉት ይወርዳል። ጁን ላይ 32 ስትሆኚ ገና የወሊድ መቆጣጠሪያውን ትወስጂ ነበር። ከ32 ላይ ያንን ጭማሪ ብናነሳ 27 አካባቢ ነው የሚቀረው። ያ ደግሞ በጋ ላይ ነበር። ጃንዋሪ ዊንተር ነው። ላብራቶሪም ያንኑ ደም ሁለቴ ቢለካው ትንሽ ሊለያይ ይችላል። እነዚህን ስትደምሪያቸው 25 አያስደነግጥም። "ቫይታሚኑ አልሠራልኝም" የሚያስብልም ነገር የለውም። ፓኬቱ ላይ ኢስትሮጅን ከሌለ ግን ይህን ምክንያት ተይውና ስለ ሌላው ሐኪምሽን ጠይቂ። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ዲው ቶሎ ሊያልቅበት ይችላል።

ስለ ጥቁር ሰው የተባለው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2013 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ጥቁር አሜሪካውያን የቫይታሚን ዲ ቁጥራቸው ዝቅ ያለው ተሸካሚው ስላነሰ ነው፤ ለሰውነት የሚደርሰው መጠን ግን ከነጮች አይለይም አለ። ብዙ ተወራለት። ቆይቶ ግን ችግሩ መለኪያው ላይ እንደነበር ታወቀ። ያ መለኪያ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚበዛውን የተሸካሚ ዓይነት በደንብ አይቆጥረውም ነበር። በሌላ ዘዴ ሲለካ የተሸካሚው መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እትዬ "ተሸካሚያችን ትንሽ ነው" ማለቷ ከዚያ የቀረ ነው። አንቺ ያነበብሽው "ምንም አይደለም" የሚለውም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ይመስለኛል። ሁለታችሁም አንድ ወረቀት አንብባችሁ ተቃራኒ መንገድ ሄዳችኋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልግ ግን እውነት ነው። የሌሊት ሥራ ሲጨመርበት ኪኒኑን መተው አልመክርሽም።

ተሸካሚው ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። በ2019 ሐኪሞች ተሸካሚውን የሚሠራው ጂን ጨርሶ የሌላት አንዲት ሴት አግኝተዋል። ደሟ ውስጥ ቫይታሚን ዲ አለ ለማለት ያስቸግር ነበር። ብዙ ቢሰጧትም ቁጥሩ አልተነሳም። ካልሲየሟ ግን ደህና ነበር። በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ ነገር ነው፤ አንቺ እንደሷ አይደለሽም። የአንቺማ ከ13 ወደ 32 ተነስቷል፤ መንገዱ ይሠራል ማለት ነው። ታሪኩን ያመጣሁት ያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ሁሉንም እንደማይናገር እንድታዪ ነው።

ቀዩ ጽሑፍስ? አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ላብራቶሪዎች ከ30 ናኖግራም በታች ያለውን ሁሉ በቀይ ይጽፋሉ። ይህ በ2011 የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ካወጣው መመሪያ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ግን 20 ለአብዛኛው ሰው አጥንት በቂ ነው ብሎ ነበር። ማኅበሩ ራሱ በ2024 መመሪያውን ሲያድስ የ30ን መስመር ትቶታል። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ በየጊዜው እንዲለካም አይመክርም። ለነፍሰ ጡር ግን ቫይታሚን ዲ መውሰድን ይደግፋል። ሐኪምሽ "ደህና ነሽ" ያለችሽ ከዚህ ተነስታ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ጨምራ ብታስረዳሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ፤ እሱን አልክድም።

ከዚህ በላይ መጨመር ለምን እንደማይሻል ልንገርሽና ወደ ቤታችሁ ልሂድ። በጣም ብዙ ሲወሰድ፣ ቁጥሩ 150ን ሲያልፍ፣ ያኔ እውነትም መጨናነቅ ይመጣል ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ። የተጠራቀመው ዋናውን ሆርሞን ከተሸካሚው ላይ ይገፋዋል። ነፃው ይበዛና ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ በላይ ይጨምራል። ምልክቱ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሆድ ድርቀት ነው፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ከቅባት ጋር ስለሚቀመጥ ደግሞ ዛሬ ቢያቆሙት ነገ አይወጣም። "አንዴ በብዛት ወስጄ ልገላገል" የሚለውም ብዙ አያዋጣም። አውስትራሊያ ውስጥ አረጋውያን ሴቶች በዓመት አንዴ 500 ሺህ ዩኒት ተሰጥቷቸው የበለጠ ወድቀዋል፣ አጥንታቸውም የበለጠ ተሰብሯል። ይህ በ2010 ነው የወጣው።

አሁን ስለ እትዬ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው እንደ ክፉ ሰው አልታየችኝም። ለዓመታት አጥንቷን ያመማት ሰው፣ ምናልባት ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የሚመጣው የአጥንት መለስለስ ኖሮባት ይሆናል። ያ ሕመም ከባድ ነው። ኪኒኑ ሲያድናት ሕይወቷ ተለውጧል። እሷን ያዳነ ነገር አንቺንም እንዲያድንሽ ነው የምትፈልገው። ለእሷ ያ መጠን ልክ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን እሷ አይደለሽም፤ አጥንቴን ያመኛልም አላልሽኝም።

ባለቤትሽስ? ማታ ማታ "ወሰድሽ?" ሲልሽ በእውነት የሚጠይቅሽ ስለ ኪኒን ይመስልሻል? ልጅ ለመውለድ ከወሰናችሁ ወራት አልፈዋል። ወንዶች ፍርሃታቸውን በቀጥታ መናገር ሲከብዳቸው አንድ የሚቆጠር ነገር ይዘው ይጠይቃሉ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ግን ከኪኒኑ በፊት ይህን ብትጠይቂው ደስ ይለኛል። "ምን እያሰጋህ ነው?" በይው። መልሱን ሳታቋርጪ ስሚው።

ከዚያ እውነቱን ንገሪው። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግሽም። "የእትዬን ኪኒን አልወሰድኩም። መጠኑ ስላስፈራኝ ነው። ወሰድኩ ያልኩህ እንዳትከፋ ብዬ ነው፤ ልክ አልነበርኩም። ሐኪሜ ጋር አብረን እንሂድና አንተው ራስህ ጠይቃት" ማለት ይበቃል። ቅር ሊለው ይችላል። ቀጠሮው ላይ አብሮሽ ከተቀመጠ ግን ክርክሩ የአንቺና የእህቱ መሆኑ ይቀራል። እትዬን በእሱ በኩል አታናግሪያት። አንቺው ሂጂ፤ ቡና ላይ ቢሆን ይመረጣል። ስለ አጥንቷ ጠይቂያት፣ ታውራልሽ። ቀጥለሽ "እትዬ፣ አስበሽልኝ ነው ያመጣሽው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሜ ግን በ2 ሺህው እንድቀጥል ነው ያለችኝ፤ ልጅ እያሰብን ስለሆነ የእሷን ቃል ልያዝ" በያት። ነርስ ናት፤ የሐኪም ትዕዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ስለ ተሸካሚው ፕሮቲን ከእሷ ጋር አትከራከሪ፤ በእኔ ግምት እዚያ ላይ ብታሸንፊም የምታተርፊው ነገር የለም። ብልቃጡን ትመልሺላት ወይም ፋርማሲዎች ያረጀ መድኃኒት የሚቀበሉበት ሳጥን ውስጥ ጣይው። ልጅ ሊመጣ ባለበት ቤት መሳቢያ ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል።

ድካሙ ግን ያሳስበኛል። ቁጥርሽ ከ13 ወደ 32 ሲወጣ ድካሙ ቀነሰልሽ? ይህን አልጻፍሽልኝም። ካልቀነሰ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የሌሊት ሥራ ብቻውን ይበቃል። የብረት ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ቢ12 መታየት አለባቸው፤ ለማርገዝ ለምታስብ ሴት ደግሞ በተለይ ብረቱና ታይሮይዱ። ሁሉም ስለ ቫይታሚን ዲ ሲያወራ እነዚህ እንዳይረሱ። ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው ፎሊክ አሲድ ነው። ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ያስፈልግሻል። ካልጀመርሽ በዚህ ሳምንት ጀምሪ። ለነፍሰ ጡር የሚሸጠው ቫይታሚን ውስጥ ፎሊክ አሲዱ አለ። እሱ ውስጥ ቫይታሚን ዲም ስለሚኖር ሳጥኑን አንብበሽ ከ2 ሺህው ጋር ደምሪው።

ኪኒኑን ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ ትንሽ ቅባት ካለው ምግብ ጋር። ትጾሚ እንደሆነ አልነገርሽኝም። የምትጾሚ ከሆነ የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከምትበይው ምግብ ጋር አድርጊው። ዘይት የገባበት ሽሮ ወይም ምስር ይበቃዋል። ዲ3 ከሚባለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት አብዛኛው ከበግ ሱፍ ቅባት ይሠራል፤ እንክብሉም ብዙ ጊዜ ጀላቲን አለው። ይህ ቅር ካሰኘሽ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከእንስሳ ያልተሠራ ዲ3ም አለ። ዲ2 ደግሞ ከእርሾ ይሠራል፤ ተሸካሚው ላይ ግን እንደ ዲ3 አጥብቆ አይያዝም፣ ቶሎም ይወርዳል። ያንቺው የሳምንታዊ ትዕዛዝ ዲ2 ከነበረ አይግረምሽ፤ በሐኪም የሚታዘዘው 50 ሺህ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትም በጾም ይረዳል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ለአዲስ አበባ ልክ ናት። እዚያ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ጠንካራ ናት፤ ከፍታውም ያግዛል። ሜሪላንድ ውስጥ ጃንዋሪ ላይ ቆዳ የሚፈልገው ጨረር በጣም ይደክማል። በመኪና መስታወት በኩል ደግሞ ጭራሽ አያልፍም። ስለዚህ ከሥራ ስትመለሺ የምታያት ፀሐይ ዓይንሽን ከማጭበርበር ሌላ ጥቅም የላትም። አፕሪል ሲገባ ከመኪናው ወርደሽ ትንሽ ተራመጂ፤ ለእንቅልፍሽም ይጠቅምሻል።

ቀጣዩ ምርመራ ካስፈለገ ከ3 ወር በፊት አይሁን፤ ቁጥሩ የሚረጋጋው እስከዚያ ነው። እዚያው ላብራቶሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን አብረው ይታዩ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ቫይታሚን ዲ በእውነት ሲያንስ ይህ ሆርሞን ስለሚጨምር፣ ሰውነትሽ ምን እየተሰማው እንደሆነ ከቁጥሩ ይበልጥ ይናገራል። ለፀጉር የሚወሰደውን ባዮቲን የምትጠቀሚ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ አንዳንድ መለኪያዎችን ያሳስታል፣ የታይሮይዱንም ጭምር። ነፃውን ክፍል ለብቻ የሚለካ ምርመራ እናድርግልሽ የሚል ከመጣ ገንዘብሽን አታውጪ። ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ለአንቺ አሁን የሚለውጠው ነገር የለም።

ምርመራው ሳይደርስ ካረገዝሽ ደግሞ ቁጥሩን ከጁን ጋር አታወዳድሪው። በእርግዝና ኢስትሮጅን ስለሚጨምር ተሸካሚውም እንደገና ይበዛል። ያኔ ወረቀቱን የእርግዝና ሐኪምሽ ታንብብልሽ። ከ20 በታች ከወረደ ግን የእትዬን ብልቃጥ ሳይሆን ስልክሽን አንሺና ሐኪምሽ ጋር ደውይ።